የፍም ምላስ

ጭስስስ… ቡፍ!

ብሩሽ የሚሉት ልጅ መጥረጊያውን እንደያዘ ቀጥ አለ። ይህን ድምፅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። አባቱ ለእያንዳንዱ ደንበኛ የፀጉር መቁረጫ ቶንዶሱን ጥርስ አልኮል ረጭቶ በላይተር ሲለኩሰው የሚሰማው ነው። ችግሩ፣ አባቱ ምሳ ሊበላ ወጥቷል። ፀጉር ቤቱ ውስጥ ያለው ብሩሽ ብቻ ነው፤ ድምፁ ደግሞ የመጣው ከጓሮ ነው።

«ብሩሽ» ያሉት የክፍሉ ልጆች ናቸው፤ ከትምህርት በኋላ እዚህ እየዋለ የደንበኞችን አንገት በብሩሽ ስለሚያራግፍ። አባቱ ከፈተና በኋላ ቶንዶስ ሊያስይዘው ቃል ገብቶለታል። ብሩሽም ያንን ቀን በሕልሙ ሳይቀር ያየዋል።

የጓሮውን በር ገፋ አደረገ። በኒንጃ ፊልም ፍቅሩ «ኒንጃው» የተባለው ጓደኛው የተገለበጠ ባልዲ ላይ ቁጭ ብሏል፤ ጃኬቱን በዚያ ሙቀት እስከ አገጩ ቆልፎታል።

«ምንድነው የጮኸው?»

«ምኑ?»

«ቡፍ ያለው።»

«ሆዴ ነዋ፤ ርቦኛል» አለና ሳቀ።

ብሩሽ አልሳቀም። የተቃጠለ ፀጉር ሸቶታል።

ሰሞኑን በትምህርት ቤቱ ወሬው ሁሉ «የፍም ምላስ» ሆኗል። ሁለቱ አብረው በሚከታተሉት የጃፓን አኒሜ ካርቱን ውስጥ ባለ ቀይ ሻርፑ ኒንጃ ጣቶቹን አጠላልፎ ምልክት ይሠራል፤ ትንፋሹን እስከ ሆዱ ይስባል፤ ከዚያ ከአፉ ረዥም እሳት እንደ ምላስ ተዘርግቶ ይወጣል። ኒንጃው ያንኑ ሲያደርግ የሚያሳይ ቪዲዮ ለክፍሉ ልጆች ልኮ ጉድ አሰኝቷል። ለብሩሽ ብቻ «ባክህ በአፕ ነው የሠራሁት» ብሎ በጆሮው ነገረው። ብሩሽም አመነ። ነገ ግን በእረፍት ሰዓት፣ ሜዳው ላይ በዓይናችሁ በብረቱ አሳያችኋለሁ ብሎ ፎክሯል። ፊት ለፊት ለቆመ ሰው አፕ ምን ያደርጋል?

«ነገ እንዴት አድርገህ ነው?» አለው።

«አንተ ስልኩን ይዘህ ቅረጸኝ፤ ሌላው አያገባህም። ጀለሴ አይደለህ እንዴ?»

«ነኝ።»

«ታዲያ ፖሊስ አትሁንብኛ!»

ብሩሽ የጠረገውን ፀጉር ደፍቶ ሲመለስ ኒንጃው ፀጉር ቤቱ ውስጥ ገብቶ ወንበሩ ላይ እየተሽከረከረ ነበር። ጃኬቱ ተከፍቷል።

«ጋሼ ሲመጡ ፀጉሬን ልክ እንደ ቀይ ሻርፑ እንዲያቆሙልኝ እፈልጋለሁ። ነገ እኮ ታሪክ ነው!»

ብሩሽ ግን መደርደሪያውን እያየ ነበር። አባቱ አንድ የማይጣስ ሕግ አለው፤ አልኮሉ ታች፣ ላይተሩ ላይ። ደንበኛ ቢሰለፍ፣ መብራት ቢጠፋ፣ ሁለቱ ጎን ለጎን አይቀመጡም። አሁን ላይተሩ ከአልኮሉ ጠርሙስ ጎን ተለጥፎ ቁጭ ብሏል። ይህን ሕግ የማያውቅ ሰው ነው ያስቀመጠው።

ሊጠይቀው አፉን ሲከፍት አባቱ ገባ።

አባቱ እጁን ታጠበና ነጩን ጨርቅ ኒንጃው አንገት ላይ አሰረ። ጠርሙሱን ሲያነሳው ወዘወዘው። ሌላ እጁን እንደ ልማዱ ወደ ላይኛው መደርደሪያ ሰደደ፤ ባዶ ነው። ዝቅ ብሎ ላይተሩን አየው፤ ከዚያ ብሩሽን አየው። የቶንዶሱን ጥርስ ረጭቶ ለኮሰ፤ ቡፍ! ሁለቱንም ሆን ብሎ እንዳገኛቸው ታች መልሶ መቁረጥ ጀመረ።

የግራው ጎን ሲያልቅ አባቱ ቶንዶሱን ሳያጠፋ ተናገረ።

«አልኮሉ ቶሎ ቶሎ እያለቀ ነው፤ ዛሬ ደግሞ ላይተሩ ቦታ ቀይሯል። በእሳት ትጫወታለህ እንዴ አንተ?»

«እኔ አይደለሁም፣ አባዬ።»

«ታዲያ ማነው? ግድግዳው? ስማ፣ ከዋሸኸኝ ቶንዶስ የሚባለውን ነገር እርሳው።»

«ጋሼ፣ አልኮል እኮ ይተናል» አለ ኒንጃው ከወንበሩ ላይ። «ሳይንስ ላይ ተምረናል።»

«አንተ ጎረምሳ፣ ጭንቅላትህን አታንቀሳቅስ!»

ኒንጃው በመስታወቱ ውስጥ ለብሩሽ ጠቀሰው። ሲጠቅሰው ነው ብሩሽ የቀኝ ቅንድቡን ያስተዋለው። ከግራው አጥሯል። ምላጭ የቆረጠው ፀጉር ጫፉ ቀጥ ይላል፤ ይሄኛው ግን ተጠቅልሎ፣ ዝገት መስሎ ከቆዳው ጋር ተጣብቋል።

በዚያ አኒሜ ውስጥ የፍም ምላስን ያስተማረ ሽማግሌ አለ፤ ሁልጊዜ ጭምብል ያጠልቃል። ጭምብሉን የሚያወልቅበት ክፍል በመጣ ቁጥር ኒንጃው «ይሄ ይደብራል» እያለ ያሳልፈዋል። ብሩሽ ግን አንድ ቀን ብቻውን ሆኖ አይቶታል፤ ከጭምብሉ ሥር ያለው ፊት በእሳት የተበላ ነው።

ነገ ሜዳው ላይ ስልክ ይዞ ሲቆም ታየው። ልጆቹ ሲያጨበጭቡ፤ ከዚያ ጭብጨባው ድንገት ቀጥ ሲል።

«እኔ ነኝ» ቢል ጓደኛው ያመሰግነው ነበር። ምናልባት ነገ እስከ እረፍት ሰዓት ድረስ።

ወደ መደርደሪያው ሄዶ ላይተሩን አነሳና ላይኛው ላይ፣ ቦታው ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ከመስታወቱ አናት ያለውን መብራት ስቦ ወደ ኒንጃው ፊት አዞረው።

«አባዬ፣ ቀኙን ከመጀመርህ በፊት ቅንድቡን እየው።»

ኒንጃው ዓይኑን ጨፈነ። አባቱ ጎንበስ ብሎ ቅንድቡን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፤ የፀጉሩ ጫፍ እንደ አመድ ረገፈ። አባቱ ቶንዶሱን አጠፋ።

«ያምሃል?» አለው አባቱ፣ በዝግታ።

ኒንጃው ዓይኑን ገለጠ። በመስታወቱ ውስጥ ብሩሽን ብቻ ነው ያየው፣ ረዘም አድርጎ። ብሩሽ አንገቱን መድፋት አማረው፤ ግን አልደፋም።

ኒንጃው ጨርቁን ከአንገቱ ፈታና ወንበሩ ላይ ጣለው። ግራው ተላጭቶ፣ ቀኙ እንደጎፈረ፣ ጃኬቱን ይዞ ወጣ።