ቁልፍ ያለው ሰው አይጣራም

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ ከሚስቁት ወገን ነበርኩ፣ «ሰው ሳይኖር ኮቴ ሰማሁ» የሚለኝን ሁሉ «አይጥ ነው፣ መድኃኒት ግዛ» እያልኩ የማሾፍ ሰው ነኝ፣ ስለዚህ የማወራህን አላምንም ብትል አልቀየምህም፤ በአንተ ቦታ ብሆን እኔም አላምንም ነበር።

ያኔ ናይሮቢ፣ ካሳራኒ ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከጋሼ ተክሌ ጋር ነበር የምኖረው። ጋሼ የአስመራ ሰው ናቸው፣ አማርኛውን በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ሲሠሩ ለምደውት ከእኔ ይልቅ ያሳምሩታል፣ ናይሮቢ ደግሞ ጨርቅ ይነግዳሉ። እኔ ወረቀት አልነበረኝም። ስለዚህ ጠዋት ሲወጡ የብረት በሩን ከውጭ በጓጉንቸር ቁልፍ ይከረችሙብኛል፣ ፖሊስ ደረጃውን ቢወጣ ቁልፉን አይቶ ቤቱ ባዶ ነው ብሎ እንዲያልፍ።

«ማንም ቢጠራህ አቤት እንዳትል» ይሉኝ ነበር፣ «እኔም ብሆን! እኔ ቁልፍ አለኝ፣ ቁልፍ ያለው ሰው አይጣራም።»

ያን ቅዳሜ ነገሩ ሁሉ ለሰኞ ነበር። ሰኞ ጊጊሪ ሰፈር አንድ ድርጅት ውስጥ የኔትወርክ ሥራ ፈተና አለብኝ፣ ከወደዱኝ የሥራ ፈቃድ ያወጡልኛል፣ በቃ፣ ከቁልፍ ወጣሁ ማለት ነው። ስዊቾች፣ ኮምፒውተሮችን በገመድ የሚያገናኙትን ሣጥኖች ማለቴ ነው፣ አገናኝተህ፣ አሠርተህ አሳየን ብለውኛል። እውነተኛ ስዊች ከየት አባቴ አመጣለሁ? ጓደኛዬ በፍላሽ የሰጠኝ ኢሙሌተር ነበር፣ ስዊቹን በአንድ ላፕቶፕ ውስጥ አስመስሎ የሚያስነሳ፣ ብረት የለው፣ ገመዱም ስክሪን ላይ የተሳለ መስመር ነው፣ ግን ስታዘው እንደ እውነተኛው ይመልስልሃል። ሦስት አስነሳሁ፣ ላፕቶፑ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮኻል። ኢንተርኔት ደግሞ አልነበረኝም፣ እሱን ልብ በልልኝ፣ ከውጭ ጋር የሚያገናኘው አንድ ክር እንኳ የለም።

ስዊቾች ሲገናኙ እንደ እድር ዳኛ ይመርጣሉ፣ መረጃው መውጫ አጥቶ ዝም ብሎ እንዳይሽከረከር፣ የቱ መንገድ ክፍት የቱ ዝግ እንደሚሆን የሚለየው ከዳኛው ተነስቶ ነው። እኔ የመጀመሪያውን ስዊች ዳኛ አድርጌዋለሁ። ከምሳ በኋላ «ጎረቤቶችህን ቁጠር» ብዬ ሳዘው፣ ሁለት ማለት ሲገባው ሦስት ቆጠረልኝ። ሦስተኛው ስም የለውም። አጠፋሁ፣ አስነሳሁ፣ አሁንም አለ፣ ስዕሉን በጣቴ እየነካሁ እንደ ሕፃን ቆጠርኩ ስልህ!

ወዲያው ስክሪኑ ላይ አንዱ ፖርት፣ የገመዱ መሰኪያ፣ ተዘጋ የሚል መስመር ብቅ አለ፣ ውጭም የብረት በሩ ቀጭ አለ። ፖርቱ ተከፈተ አለ፣ በሩ እንደገና ቀጭ። በበሩ ጎን ካለችው መስኮት መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ ኮሪደሩን አየሁ፣ ማንም የለም፣ ጓጉንቸሩ ግን ይወዛወዛል። የጎረቤት ልጆች ናቸው አልኩ፣ ሌላ ምን እላለሁ?

ልቀመጥ ስል «ዳዊት!» ብለው ጋሼ ጠሩኝ። ራሳቸው ናቸው፣ ያ ሲጋራ የጨረሰው ጎርናና ድምፃቸው። እኔ ደግሞ ትልቅ ሰው ሲጠራኝ አቤት እያልኩ ያደግሁ ልጅ ነኝ፣ አፌ ቀደመኝ።

«አቤት ጋሼ!»

አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጠንከር ያለ ቀጭ። ስክሪኑን ሳይ ዳኛው ተቀይሯል፣ ያ ስም የለሹ ሆኗል፣ የእኔ ስዊቾች መንገድ ሁሉ አንድም ሳይቀር ተዘግቷል። ዳኛ ሁሉን አይዘጋም፣ እንዲህ ያለ ነገር አይሠራም፣ እመነኝ። ለጋሼ ስልክ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ በር ላይ ነዎት?»

«የምን በር? ማታቱ ታክሲ ውስጥ ነኝ፣ ቲካ ሮድ የመኪና ጃም ይዞን። ምነው?»

«አሁን ጠሩኝ እኮ።»

«አቤት አልክ?» አሉኝ፣ እኔም ስልኩን ዘጋሁት።

እንዴት ልንገርህ፣ መስኮቱ ሁሉ ብረት ነው፣ ብጮኽ ሰው ይሰማል፣ ሰው ከሰማ ፖሊስ ይሰማል። ያን ቤት ስወደው ባልኖርም መቃብር የመሰለኝ ያን ቀን ነው። የሠራሁትን ሁሉ ልሰርዘው ጣቴ የኪቦርዱ ቁልፍ ላይ ደርሶ ነበር፣ ሰኞስ? አልኩና ላፕቶፑን ከድኜ አልጋው ጥግ ላይ ተኮራምቼ ቀረሁ፣ ፈራሁ፣ በጣም ፈራሁ።

ጋሼ ሲመጡ አልተጣሩም። ቁልፋቸው ሲዞር፣ ጓጉንቸሩ ሲከፈት ሰማሁ፣ በሩ ግን አልተከፈተም።

«ዳዊት፣ ይሄ ሁለተኛው ጓጉንቸር የማን ነው?»

ከታች ፉንዲ የሚሉትን ብረት ሠራተኛ ጠርተው በመጋዝ አስቆረጡት። ፉንዲው ላቡን እየጠረገ፣ «ሂ ኒ ያ ዛማኒ፣ ምዜ» አላቸው፣ የድሮ ነው፣ አባባ፣ ማለቱ ነው። እውነቱን ነው፣ ዝገቱ ከበሩ ብረት ጋር ተጣብቋል፣ ሲነሳ ቀለሙን ይዞት ተነሳ። ጋሼ ጠዋት የቆለፉት በአንድ ነው፣ እኔም በመስኮት ያየሁት አንድ ነው።

ሰኞ ጊጊሪ ላፕቶፑን ስከፍት ሦስቱ ብቻ ነበሩ፣ ዳኛውም እኔ የመረጥኩት፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። ሥራውን አገኘሁ፣ ወረቀቱም ወጣ፣ ዛሬ በሬን የምቆልፈው እኔ ነኝ። ግን ቤት በገባሁ ቁጥር እጄን በበሩ ፍርግርግ አውጥቼ ውጩን እዳብሳለሁ፣ ሌላ ጓጉንቸር ተንጠልጥሎ እንደሆነ። አቤት ብዬ የለ? የጠራኝ ግን ለምን እንደፈለገኝ እስካሁን አልነገረኝም።