የውሸት ጥፊ

ሲረል ጥፊ የተማረው ቴአትር ቤት ነው። መድረክ ላይ እጁ ፊት ሳይነካ ያልፋል፣ ከመጋረጃው ጀርባ አንዱ ያጨበጭባል፣ ተመልካቹ በሳቅ ይሞታል። ያንኑ አስቂኝ ተውኔት ለንደን ዳር ባለው ስቱዲዮ ፊልም ልናደርገው ስንገባ ግን የዘመኑ ፊልም ድምፅ የለውም፤ ካሜራውም አይታለልም።

«ንካው እንጂ! አየር ነው እንዴ የምትመታው?» ይላል ዳይሬክተሩ ሚስተር ፔንፎልድ።

በተውኔቱ የሲረል ሚስት ነበርኩ፤ ከመድረክ ውጭም አባቴ ለእሱ አጭቶኛል። ልቤን የወሰደው ግን የሚስትየውን ውሽማ ሊጫወት የመጣው ዊልፍሬድ ነው። ለካሜራው ሲባል ፊታችንን ቢጫ ይቀቡናል። በዚያ የበሽተኛ ፊቱ ሲያየኝ እንኳ የምለው ይጠፋኝ ነበር።

አንድ ማለዳ የሲረልን ቀለበት መለስኩለት። ኪሱ ከተተውና ፊቱን ሊቀቡት ተቀመጠ። ዝምታ ወርቅ ነው የሚል ሰው የሲረልን ዝምታ አላየም።

የዚያን ቀን የምንቀርጸው ባል የሚስቱን ውሽማ ከቁም ሳጥን ጎትቶ ሲደበድብ ነው።

«ና ውጣ፣ አንተ ሌባ!»

የመጀመሪያው ጥፊ አረፈ። ቀጥሎ ቡጢ መጣ። ዊልፍሬድ ተንገዳገደ።

«ድንቅ ነው! ቀጥል!» አለ ፔንፎልድ። ሠራተኞቹ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ።

«ሙሪየልን ትፈልጋታለህ? እንካ!» ሲረል የእኔኑ እውነተኛ ስም ጠርቶ የዊልፍሬድን ጭንቅላት ከቁም ሳጥኑ ጋር አጋጨው፤ ደጋግሞ አጋጨው። ከግራ ጆሮው ደም ወረደ።

«አስቁሙት! እየገደለው ነው!» ብዬ ጮህኩ።

«ጎሽ ሙሪየል! እንደሱ ጩኺ!»

የሚያምነኝ ጠፋ። በትዕይንቱ መጨረሻ ባሌን የምመታበት፣ ሲመታ የሚፈርስ የጄሶ ማሰሮ ጠረጴዛው ላይ ነበር። እሱን ትቼ የምድጃውን መቆስቆሻ ብረት አነሳሁና ባለ በሌለ ኃይሌ ሲረል ክንድ ላይ አሳረፍኩት። አጥንቱ ቀው ሲል ሁሉም ሰማ። ሳቁ የቆመው ያኔ ነው።

ፔንፎልድ ፊልሙን አልጣለውም። እኔና ዊልፍሬድ ከተጋባን በኋላ ሰፈራችን ሲኒማ ቤት ገብተን አየነው። ፊልሙን የሚያጅበው ፒያኖ ይጋልባል፤ የዊልፍሬድ ደም ጥቁር ሆኖ ይወርዳል፤ ቤቱ በሳቅ ይናወጣል። እኔ አፌን ከፍቼ ስጮህ፣ ከሥዕሉ ቀጥሎ የእኔ ንግግር ተብሎ ጽሑፍ መጣ፦ «እንግዳ እንዲህ ይስተናገዳል?»

ሳቁ ጣሪያውን ሊነቅለው ደረሰ። እኔ አለቀስኩ።

ዊልፍሬድ ደህናውን ጆሮውን ወደ እኔ አዘነበለ። «ለምን ታለቅሻለሽ፣ ሆዴ?»

«ያልኩትን እኮ ማንም አልሰማም።»

እጄን አጥብቆ ያዘ። «እኔ ሰምቼሻለሁ» አለኝ፤ «በደነቆረው ጆሮዬ መጨረሻ የሰማሁት አንቺን ነው።»