የመጀመሪያው ተጠባባቂ

ልብስ ሰፊዋ ሰው አታምንም ነበር። አብረዋት የሚሠሩት ሴቶች «መርማሪዋ» የሚሏት በከንቱ አይደለም። ደንበኛ «ነገ እመጣለሁ» ብሎ ከወጣ፣ «የትኛው ነገ?» እያለች እስከ በር ትከተለዋለች። የሚስቁባት ሁሉ ግን ምክንያቱን ያውቃሉ። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ አፈ ቅቤ ሰው ታላቅ እህቷን «ኮሌጅ አስመዘግብሻለሁ»፣ ሲቀጥልም «አገባሻለሁ» ብሎ ገንዘቧን ተቀበላት። ኮሌጅ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ሰውየውም እንደ ጉም ተነነ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? ታላቂቱ ተመነጠረች፣ መጠርጠሩ ግን ለታናሺቱ ተረፈ።

እንግዲህ ይህች ልጅ ናት በሃያ አራት ዓመቷ መማር ያማራት። የፈለገችው የሁለት ዓመት የሕክምና ላቦራቶሪ ትምህርት ነው። ትምህርቱን የሚሰጡት ሁለት ኮሌጆች በአንድ መንገድ ላይ ነበሩ፤ አንዱ ታች አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ፣ ሌላው ዳገቱ ላይ። የታችኛው ርካሽ መሆኑን በራፉ ላይ በትልልቅ ፊደል ጽፏል። የላይኛው እጥፍ ያስከፍላል። አራት ዓመት መርፌ ይዛ ያጠራቀመችው ለታችኛው ሁለቱንም ዓመት ይበቃል፤ ለላይኛው ግን ከአንድ ዓመት አያልፍም። ከተሳሳተች ሁለተኛ የምትሞክርበት የላትም።

ለምዝገባ ጉርድ ፎቶ ያስፈልጋልና በሁለቱ ኮሌጆች መካከል ወዳለች ፎቶ ቤት ገባች። ፎቶ አንሺው ቀጭን፣ ድምፁ ዝግ ያለ ወጣት ነበር። ሰማያዊ መጋረጃ ፊት አስቀመጣት፣ ካሜራውን አነሳ፣ ከዚያ መልሶ ዝቅ አደረገው።

«ምነው?» አለችው።

«ሌባ ያየሽ ትመስያለሽ።»

«ገና አላወቅኩማ።»

ሳቀ። ሲስቅ ዓይኖቹ እሷ ላይ ትንሽ ቆዩ። እሷም አየችው፤ ወዲያው ግን ቦርሳዋን ወደ ጭኗ ሳበች።

ፎቶው እስኪታተም የት እንደምትመዘገብ ጠየቃት። «ታችኛው» ስትለው አንድ ወረቀት አውጥቶ መሐሉን አሰመረ።

«በር ላይ የጻፉት የማስተማሪያውን ብቻ ነው» አላት እየጻፈ። «የላቦራቶሪ ዕቃ፣ የሆስፒታል ልምምድ፣ የፈተና፣ ሁሉም ለየብቻ ይመጣል። እዚህ የመመዝገቢያ ፎቶ ያነሳኋቸው ስንቶቹ መሰሉሽ በዓመታቸው አቋርጠው ለሥራ መፈለጊያ ሊነሱ የመጡት? የላይኛው ግን የክፍያ ድጋፍ አለው። ፈተናውን አልፈሽ የቤተሰብሽን ገቢ ካስረዳሽ ሦስት አራተኛውን ይሸፍኑልሻል። ለላቦራቶሪ በድጋፍ የሚወስዱት ስምንት ሰው ነው። ማመልከቻው ዓርብ ይዘጋል።»

«እና ይኼን ሁሉ ለምን ትነግረኛለህ?»

«ስለጠየቅሽኝ።»

«አልጠየቅኩህም።»

«ፊትሽ ጠየቀኝ።»

ምላሱ ማር ነው፣ አለች በልቧ፤ ማር ደግሞ ዝንብ መያዣ ነው። ወረቀቱን ግን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

በማግስቱ «ፎቶው ላይ ጆሮዬ በደንብ አይታይም» ብላ ተመለሰች። ጆሮዋ እንደ ፀሐይ ይታይ ነበር። «የድጋፉን መልካሙን ብቻ ነው የነገርከኝ፤ ክፉውስ?» ብላ አፋጠጠችው። «ውጤትሽ ከወረደ ይነሳብሻል፤ አቋርጠሽ ከወጣሽ ደግሞ የሸፈኑልሽን ትመልሻለሽ» አላት ሳያቅማማ። ክፉውን ሳይሸሽግ መናገሩ ደስ አላት። በሦስተኛው ቀን ጉትቻ አድርጋ መጣች፤ ለምን እንዳደረገችው ራሷን አልጠየቀችም። ወዳዋለች። እውነቱ ይኸው ነው። ይህም ጥርጣሬዋን አባሰው እንጂ አላበረደላትም፤ እህቷም የጀመረችው በመውደድ ነበርና።

ረቡዕ ዕለት የላይኛውን ኮሌጅ በዓይኗ ልታይ ዳገቱን ወጣች። የድጋፍ ክፍሉ በር ላይ ስትደርስ ፎቶ አንሺው ከጸሐፊዋ ፊት ቆሟል። ወፈር ያለ ፖስታ አቀበላት። ጸሐፊዋም «ዘንድሮም መጣህ?» ብላ ሳቀችለት። ልብስ ሰፊዋ ከግድግዳው ጀርባ ተለጥፋ ቀረች።

ቀድማው ወርዳ ሱቁ ደጃፍ ላይ ጠበቀችው።

«በአንድ ሰው ስንት ይሰጡሃል?»

«እነማን?»

«የላይኛዎቹ። ፖስታ ስታቀብል አይቼሃለሁ።»

ፊቱ ተለዋወጠ። አንገቱን ደፋ። «እንደዚያ አይደለም።»

«እንዴት ነው ታዲያ?»

አንዴ ቀና ብሎ አያት፣ የሆነ ነገር ሊል ከንፈሩ ተላቀቀ፣ ከዚያ ተወው። እሷም ዞር አለች። ዕንባዋን ስትጠርግ አቧራ ነው አለች፣ የጠየቃት ሰው ባይኖርም።

ከእናታቸው ጋር የሚኖሩበት ቤት ስትደርስ እህቷ ሰምታ ብዙም አልተገረመችም። «እባብ ያየ በልጥ በረየ ይሉናል፤ ይበሉ» አለች። «በልጥ መደንገጥ በእባብ ከመነደፍ ይሻላል። ታችኛው ግቢና ተገላገይ።»

ሐሙስ ገንዘቧን ይዛ ታችኛው ኮሌጅ ገንዘብ ተቀባይ መስኮት ላይ ቆመች። ግን መርማሪዋ መርማሪ ናት፤ ሳትጠይቅ አትከፍልም።

«የላቦራቶሪ ዕቃ አለበት?»

«እሱ ለብቻ ነው፣ እህቴ።»

«ልምምዱስ?»

«እሱም ለብቻ።»

«የፈተናው?»

«እሱማ ጊዜው ሲደርስ ይነገራል። ትከፍያለሽ ወይስ ወረፋ ትለቂያለሽ?»

የፎቶ አንሺውን ወረቀት አውጥታ ዋጋዎቹን አንድ በአንድ አስተያየች። ሁሉም ልክ ነው፤ ልምምዱ ላይ ብቻ ተሳስቷል። ከትክክለኛው አሳንሶ ጽፎታል። ወረቀቱን ይዛ ፈዛ ቀረች። ደላላ ቢሆን ኖሮ የታችኛውን አስወድዶ ይጽፍ ነበር እንጂ ለምን ያረክሰዋል? ገንዘቧን መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወረፋውን ለቀቀች።

ዓርብ በር ሊዘጋ ሲል ማመልከቻዋን ላይኛው አስገባች። በሳምንቱ ተፈተነች። በፎቶ ቤቱ በር ግን አላለፈችም፤ ማዶውን ይዛ ትሄዳለች። ይቅርታ ልትጠይቀው ታስብና ያ ፖስታ ይመጣባታል። ፖስታው ውስጥ ምን ነበር?

ከሦስት ሳምንት በኋላ ስም ዝርዝሩ ወጣ ሲባል እህቷን ይዛ ሄደች። ሰሌዳው ላይ ከየስሙ አጠገብ ጉርድ ፎቶ ተለጥፏል። ስምንተኛዋ፣ የመጨረሻዋ፣ እሷ ናት፤ ሰማያዊ መጋረጃ ፊት ተኮሳትራለች። እህቷ እልል ልትል አፏን ከፈተች።

«ቆይ፣ እትዬ» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ከእሷ ሥር «ተጠባባቂ» የሚል ሌላ ዝርዝር ይጀምራል። እዚያ ከመጀመሪያው ስም አጠገብ ያው ሰማያዊ መጋረጃ አለ፤ ከፊቱም የፎቶ አንሺው ፊት።

ነገሩ አሁን ገባት። ፖስታው የራሱ ማመልከቻ ነበር። «ዘንድሮም መጣህ?» ያለችው ጸሐፊ አምናም ተቀብላዋለች ማለት ነው። እሱ ባይነግራት ኖሮ፣ ታችኛው ኮሌጅ ገብታ ብትቀር ኖሮ፣ ስምንተኛው እሱ ነበር።

ዳገቱን በሩጫ ወረደች። እህቷ «ምን ነካሽ!» እያለች ከኋላ ተከተለቻት። ፎቶ አንሺው መብራት ሲያስተካክል አገኙት።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለችው እያለከለከች።

«ብነግርሽ ወይ ማመልከቻውን ትተይዋለሽ፣ ወይ ተንኮል ነው ትያለሽ።»

«እሱማ እል ነበር።»

ፈገግ አለ። «የመጀመሪያ ቀን የነገርኩሽ እኮ እንደማታምኚኝ እርግጠኛ ሆኜ ነው። ለስንቱ ነግሬያለሁ፣ ማንም አይሰማኝም። ኋላ ግን በየቀኑ እየመጣሽ ስታፋጥጪኝ...» ድምፁ ወረደ። «እንድታምኚኝ ፈለግኩ። ከቦታው ይበልጥ እሱን ፈለግኩ።»

«ቦታውን ልልቀቅልህ» የሚል ቃል አፏ ድረስ መጣ። መርፌ አራት ዓመት የወጋጋውን ጣቷን አየችና ዋጠችው።

«ቦታውን አልለቅልህም» አለችው።

«ብትለቂልኝ ኖሮ እኔ ነበርኩ አንቺን የምጠረጥርሽ።»

ሳቋና ዕንባዋ እኩል መጡ። «አንተንም አልለቅህም» አለች፤ ብላም ራሷ ደነገጠች።

መልስ ከመስጠቱ በፊት ዓይኑ በሩ ላይ ወደቀ። ታላቅ እህቷ እጇን አጣምራ ቆማለች፤ ሁሉንም ሰምታለች።

«አንተ አሁን ምን ልትሆን ነው?» አለችው።

«በሚቀጥለው ዓመት እንደገና እፈተናለሁ። እስከዚያ እዚሁ ነኝ። የትም አልሄድም።»

ታላቂቱ የመጨረሻዋን ቃል ስትሰማ ያጣመረችውን እጇን ፈታች። ከሦስት ዓመት ወዲህ ወንድ ደጃፋቸውን እንዲረግጥ ፈቅዳ አታውቅም። ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው፣ ከዚያ እህቷን አየች።

«ሱቁን መቼ ነው የምትዘጋው?»

«ሲመሽ።»

«ዛሬ ቀደም ብለህ ዝጋ» አለችው። «እናታችን ትይህ።»