«ሽቦሽን አውጪ!»

ብረት የማይገባበት ቤት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከወደቡ በላይ ባለው ኮረብታ፣ በጥድ ዛፎች መካከል፣ እንዲህ ያለች አንዲት የእንጨት ክፍል አለች። ግድግዳዋ የተያያዘው በምስማር ሳይሆን በእንጨት ችካል ነው፤ የበሯ ማጠፊያም ነሐስ ነው። ውስጧ ጸጥ ያለና ሁልጊዜ ደብዘዝ ያለ ነው። መሃል ላይ፣ በመስታወት ውስጥ፣ በቀጭን ክር የተንጠለጠለች መርፌ አለች። የምድርን የመግነጢስ ኃይል የምትለካው እሷ ናት። ሲያዩአት የተኛች ትመስላለች። ነገር ግን ፀሐይ ፈንድታ የተፋችው ትኩስ ነፋስ ያን ሁሉ ጠፈር አቋርጦ ምድር ሲደርስ፣ ከሁላችንም ቀድማ የምትባንነው ይህች መርፌ ናት።

መርፌዋ ታዲያ የሩቁን ብቻ ሳይሆን አጠገቧ ያለውንም ብረት ትሰማለች። ስለዚህ በሩ ላይ ቅርጫት ተሰቅሏል። ቁልፍ፣ ቀበቶ፣ ሳንቲም፣ ስልክ፣ ሁሉም እዚያ ይቀራል። ደንቡ ይህ ነው። ደንብ ደግሞ፣ እንደምታውቁት፣ የሚከበረው እስኪለመድ ድረስ ነው።

በዚህች ክፍል የምትሠራው ሴት የዓሣ አጥማጅ ሚስት ናት። ትጉህ ናት፤ አትቀርም፣ አታረፍድም። አንድ ጉድለት ብቻ ነበረባት። ፀጉሯ ብዙ ስለሆነ በአንዲት የብረት ሽቦ ጠቅልላ ትይዘዋለች፤ ይህችን ሽቦ ማውጣት ደግሞ ሞቷ ነው። ጎንበስ ባለች ቁጥር መርፌዋ ትዘላለች። ወደብ ዳር ካለው ቢሮው ሆኖ የመርፌዋን ንዝረት በስክሪን የሚከታተለው አለቃዋ ይህን ሲያይ በረንዳ ላይ ወዳለው ስልክ ይደውላል።

«ሽቦሽን አውጪ!»

«እሺ ጋሼ፣ አውጥቻለሁ» ትላለች፣ ሳታወጣ። ይስቃሉ። እሱም ቢሆን ሊጎበኛት ሲመጣ የመኪናውን ቁልፍ ኪሱ ውስጥ እያንቃጨለ ነበር የሚገባው።

አንድ ጊዜ ራት ላይ ይህንኑ እንደ ቀልድ ለባሏ አወራችለት። ባሏ አልሳቀም።

«እኛ ጀልባ ላይ ከኮምፓስ አጠገብ ቢላ አናስቀምጥም» አላት።

«አንተ ደግሞ! ይቺ ሚጢጢ ሽቦ ፀሐይን ታክላለች እንዴ?»

«ፀሐይን አታክልም። ለመርፌዋ ግን ከፀሐይ ትቀርባለች።»

«በል ብላ፣ ይቀዘቅዝብሃል» አለችው። ነገሩ እዚያው ቀረ።

ከዚያ አንድ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ መርፌዋ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ሴትየዋ እንደ ልማዷ ወደ ኋላ ሸሸት አለች። መርፌዋ አላረፈችም። ሽቦዋን መዝዛ ቅርጫቱ ውስጥ ወረወረችው፤ ፀጉሯ ትከሻዋ ላይ ተበተነ። መርፌዋ ጭራሽ ባሰባት። ቅዠት እንደያዘው ሰው ወዲያ ወዲህ ትገላበጥ ጀመር። ባሏ ባሕር ላይ ነው። ጉም በሚወርድበት በዚያ ወራት ጀልባዎቹ የወደቡን በር የሚያገኙት በሳተላይት ካርታ ነው፤ እንዲህ ያለ የፀሐይ ማዕበል ሲመጣ ደግሞ ካርታው ይሳሳታል። «ተመለሱ» ብሎ ለጀልባዎች ማስተላለፍ የሚችለው አለቃዋ ብቻ ስለሆነ ሮጣ ወጥታ ደወለችለት።

«ሽቦሽን አውጪ!» አለ፣ ገና ድምጿን ሲሰማ።

«አውጥቻለሁ ጋሼ! የእውነት ማዕበል ነው!»

«አውጥቻለሁ ያላልሽበት ቀን አለ እንዴ?»

«ፀጉሬ ተፈትቷል እኮ! በልጆችዎ ይዤዎታለሁ፣ ይመኑኝ!»

«ሻይ ጠጪና ቆየት ብለሽ እዪው። በሆነ ባልሆነው ጀልባ ካስመለስኩ ዓሣ አጥማጆቹ እኔኑ ባሕር ይከቱኛል» ብሎ ዘጋው።

ቁልቁለቱን በሩጫ ወረደችው። ቢሮው በር ላይ ስትደርስ ቀና ብሎ አያት። የተበተነ ፀጉሯን ሲያይ ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ። ሬዲዮውን አነሳ፤ የሚሰማው ግን እንደ ዝናብ የሚንሿሿ ድምፅ ብቻ ነበር። ማዕበሉ ሬዲዮውንም ውጦታል።

አመሻሹ ላይ ጉሙ ወረደ። ወዲያው የፀሐይዋ ማዕበል ከጉሙ በላይ ያለውን ሰማይ አቀላው፤ ቆይቶ በቅላቱ መሃል አረንጓዴ ብርሃን እንደ መጋረጃ ይወዛወዝ ጀመር። ጉሙ ራሱ ቀለም ጠጣ። የወደቡ ሰው ሥራውን ጥሎ ወጣ። ሽማግሌዎች ኮፍያቸውን አወለቁ፤ ልጆች መዳፋቸው ሲቀላ እያዩ ይስቃሉ። ሁሉም በሹክሹክታ ነበር የሚያወራው፣ ጮክ ቢሉ ሕልሙ የሚበተን ይመስል። እኔም ከመሃላቸው ቆሜ አፌን ከፍቼ ሳይ፣ አንዲት ሴት ብቻ ቀና እንዳላለች አስተዋልኩ። ዓይኗ ውሃው ላይ ነበር። አንጀቴን በላችው፤ ያ ሁሉ ውበት አስጠላኝ።

አለቃው የወደቡን ደወል ገመድ ይዞ መዳፉ እስኪላጥ ደወለ። ጀልባዎቹ ድምፁን እየተከተሉ ካርታው ሳይሆን ጆሯቸው እየመራቸው አንድ በአንድ ገቡ። የባሏ ጀልባ አልመጣም። መጨረሻ ላይ የገባው ጀልባ ባሏን ከውሃ አውጥቶ አመጣው። ካርታው በሩን ቋጥኙ ላይ አሳይቶት ኖሯል። ጀልባው ሰጥሟል፣ አንድ እግሩም ተሰብሯል።

«ሽቦሽ የታለ?» አላት፣ ፀጉሯን አይቶ፣ ከንፈሩ እየተንቀጠቀጠ።

«ዛሬ አውጥቼው ነበር» አለችና እንባዋ ወረደ። «ዛሬ ግን ማን ይመነኝ?»

አለቃው አጠገባቸው ቆሞ ነበር። ሲንቀሳቀስ ኪሱ ውስጥ ያለው ቁልፍ ተንቃጨለ። በእጁ አፍኖ ዝም አሰኘው።

ወገኖቼ፣ ፀሐይን አትፈንጂ ማለት አንችልም። በየቀኑ በምንጨምራት ትንሽ ቸልታ የእውነተኛውን ጩኸት ዋጋ አለማሳጣት ግን እንችላለን። ደጋግሞ ጮኸብኝ ብላችሁ የጭስ ደወሉን ባትሪ ያወጣችሁ፣ የመኪናችሁ ቀይ መብራት ሲበራ «ልማዷ ነው» የምትሉ፣ ይህን የምነግረው ለእናንተ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው፤ ቅጠሉን ይዞ የሚጮኸውን ሰው ማመን እንዲቻል ግን አስቀድሞ ኪስን ማራገፍ ያስፈልጋል።

በቅርቡ መርፌዋ እንደገና ተንቀጠቀጠች። ሴትየዋ ደወለች። አሁን ፀጉሯን የምትይዘው በእንጨት ማስያዣ ነው።

«ጋሼ፣ ማዕበል ነው።»

አለቃው ስለ ሽቦ አልጠየቃትም። ጀልባዎቹ ወዲያው ተጠሩ። ማዕበሉ ግን ቀለል ብሎ አለፈ፤ ሰማዩ አልቀላም፣ ጉምም አልወረደም። ዓሣ አጥማጆቹ ባዶ መረባቸውን ተሸክመው እያጉረመረሙ ገቡ። ባሏም፣ አሁን በሰው ጀልባ ተቀጥሮ የሚሠራው፣ እያነከሰ ቤቱ ገብቶ ቁጭ አለ።

«በከንቱ አስመለሳችሁን» አላት።

«አዎ» አለች፣ ራቱን እያቀረበች። «በል ብላ፣ ይቀዘቅዝብሃል።»