ከጅዳ የተቆለፈው በር

ሐጂ ይማም በሩ ሥር ተደፍተዋል። የጣቶቻቸው ጫፍ ተልጦ ደም ረግቶበታል፤ በሩን ቧጥጠውታል። ከኋላቸው በጭሱ ያፈናቸው የከሰል ምድጃ አመድ ብቻ ሆኗል። ኢንስፔክተር የሻለም ጣቶቹን አይታ ፊቷን አዞረች።

መካነ ሰላም ያለው ይህ የድንጋይ ቤት ከአባታቸው የወረሱት ነው። ጅዳ የምትሠራው ልጃቸው ሀጀራ በስልክ የሚታዘዙ መብራቶችና የበር ቁልፍ ልካ፣ ኤሌክትሪሺያኑ አበጋዝ መግጠም ጀምሮ ነበር።

«ቁልፉን የሚያዘው የማን ስልክ ነው?» አለች የሻለም።

«የሀጀራና የወንድሟ የጠልሐ ብቻ» አለ አበጋዝ። «ከውስጥ መክፈቻው ገና አልተገጠመም። ‹በሩን እንዳትዘጉት› ብዬ ለጠልሐና ለሚስቱ ነግሬ ነበር።»

ጠልሐ ዓይኑን ጠረገ። «እኔ ሌላ ከተማ፣ አጅባር ነው ያደርኩት። እህቴ ‹ማታ እሞክረዋለሁ› ብላኝ ነበር። ሳታውቅ ገደለቻቸው።»

«ስልክህን ለሰው ሰጥተህ ነበር?»

«ከኪሴ አልወጣም።»

ሚስቱ ሙስሊማ በነጠላዋ አፏን ይዛለች። «ከሰሉን ያቀጣጠልኩላቸው እኔ ነኝ። ወላሂ፣ በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼ ነው ለቅሶ ቤት ሄጄ ያደርኩት።»

የሻለም ኮሪደሩን ቃኘች። ሶኬቱ ላይ የስልክ ቻርጀር ተሰክቷል፤ ሥሩ አንዲት ነጭ ዕቃ ወድቃለች።

«ይህችን ማን ነቀላት?»

«እኔ» አለች ሙስሊማ። «ከመውጣቴ በፊት ስልኬን ቻርጅ ላደርግ ብዬ። መልሼ መሰካቱን ረሳሁት።»

የሻለም ሁሉንም በሩ ፊት ሰበሰበች። ሀጀራ በቪዲዮ ስልክ ላይ ሆና ትንሰቀሰቃለች።

«እኔ ነኝ የገደልኳቸው! ቁልፉን ነካሁት፤ ስክሪኑ ላይ ክቡ እየዞረ ሳለ ማዳም ጠራችኝ፣ ትቼው ሄድኩ።»

«እስቲ አሁንም ቆልፊው» አለች የሻለም።

ሀጀራ ነካችው። በሩ ዝም አለ።

የሻለም ነጯን ዕቃ ሰካችና ትንሽ ጠበቀች። «አሁንስ?»

ቁልፉ ቀጭ አለ።

«ዋይፋዩ ያለው ሳሎን ነው። ይህ የድሮ ግድግዳ ሲግናል አያሳልፍም፤ የምታቀብለው ይህች ዕቃ ናት። ትናንት ማታ ደግሞ ተነቅላ ነበር። ሀጀራ፣ ትእዛዝሽ እዚህ አልደረሰም።» ወደ አበጋዝ ዞረች። «ታዲያ በሩ እንዴት ተቆለፈ?»

«የስልኩ ባለቤት በሩ አጠገብ ከቆመ፣ ስልኩ ያለ ዋይፋይም ይቆልፈዋል።»

«ስልኮቹ ሁለት ናቸው። አንዱ ጅዳ ነው። ሌላው ከኪሱ አልወጣም።»

ሁሉም ጠልሐን አዩት። እሱ ግን መሬት መሬት ያይ ነበር።

«ቤቱን ለእህቴ ሊሰጧት ነበር» አለ። «ወንዱ ልጅ እኔ እያለሁ።»

«ሲያንኳኩ ሰምተሃል?»

ጠልሐ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ።

«ሰምተሃል ወይ?»

«ስሜን ጠርተዋል» አለ። «ስልኬን አውጥቼ እከፍትላቸው ይሆናል ብለው… ደጋግመው ጠሩኝ። ዝም እስኪሉ ቆምኩ።»

ሙስሊማ ወደ ደጅ ሮጠች፤ ስታስመልስ ድምጿ ተሰማ።

«ዛሬ ጠዋት ‹አባታችንን ገደልሽብን› ብለህ አብረኸኝ ያለቀስከው አንተ ነህ?» አለች ሀጀራ። ማልቀሷን አቁማለች። «ፊቱን ከፊቴ አንሱልኝ።»

የሻለም ካቴናውን ከኋላዋ ለቆመው ፖሊስ አቀበለችው። የዚህን ሰው እጅ መንካት አልፈለገችም።