ካፊሉ ሲሰረዝ

ዘቢባ ደሴ ላይ ኮምፒውተር ተምራ ጅዳ ላይ የሰው ቤት ትወለውላለች። እንዲያዝኑላት ብላ ለማንም አታወራም፤ አንገቷንም አትደፋም። ዓርብ ዓርብ ፈቃድ ስታገኝ ግን በኒ ማሊክ ሰፈር ወዳለው የዙበይር ስልክ መጠገኛ ትሄዳለች። የተዋወቁትም ስልኳ ተሰብሮ ነው፤ ስልኩ ከዳነ ቆይቷል።

ዙበይር መካ ተወልዶ ያደገ የወሎ ሰው ልጅ ነው። ትርፍ ሰዓቱን ለፕሮግራም ጸሐፊዎች መገልገያ የሚሆን ቀለል ያለ ፍሬምወርክ ሲሠራ ያሳልፋል፤ ዳታቤዝ ውስጥ በሠንጠረዥ የተኛውን መረጃ ሕይወት እንዳለው ነገር አድርጎ ለኮዱ የሚያቀርብ። ስለዚያ ሲያወራ ዓይኑ ይበራል። እሷም ያንን ዓይን ለማየት ስትል ታስወራዋለች።

አንድ ዓርብ «ነይ፣ ለሙከራ ስምሽን ዳታቤዙ ውስጥ አስገብቼዋለሁ» አላት። ደስ አላት። ስሟ ስክሪኑ ላይ ከአንድ ካፊል፣ ከዋስ አሠሪ፣ ሥር ተቀምጧል።

«አሁን ካፊሉን ልሰርዘው» አለና ቁልፉን ነካ። ካፊሉ ጠፋ፤ ዘቢባም አብራ ጠፋች።

«እኔስ የት ሄድኩ?»

«ማንኛውም ነገር የበላይ አለው። የበላዩ ሲሄድ የበታቹም ይሄዳል።»

«ይህን ሕግ ማን አወጣው?»

«እኔ።»

«እንግዲያው አንተም ካፊል ነህ» አለችና ጥላው ወጣች።

ከዚያ ወዲያ ሱቁን አልረገጠችም። ናፈቃት፤ እልኳ ግን ከናፍቆቷ በለጠ።

አንድ ቀን ከሰዓት ቆሻሻ ልትጥል ስትወርድ፣ ላፕቶፑን ታቅፎ የምትሠራበት ሕንፃ በር ላይ ቆሞ አገኘችው።

«ከተወለድኩ ጀምሮ በአባቴ ኢቃማ፣ በመኖሪያ ፈቃዱ፣ ሥር ነኝ» አላት። «ሰው ሁሉ ሰው ላይ ተንጠልጥሎ የሚኖር ይመስለኝ ነበር፤ ወላሂ።» ላፕቶፑን ከፍቶ ፊት ለፊቷ ካፊሉን ሰረዘው። ዘቢባ የምትለዋ ስም ካለችበት አልተነቃነቀችም።

ስሟን አየችው።

«ላግባሽ» አላት።

«እናትህስ?»

«‹ኻዲማ፣ የሰው ቤት ሠራተኛ፣ ካገባህ ከቤቴ ውጣ› አለችኝ።»

«አንተስ?»

«ወጣሁ። ኑዝላ ሰፈር ጓደኛዬ ጋ ነኝ።»

ሳቋ መጣ፤ ወዲያው ግን ኮስተር አለች። «እወድሃለሁ። ግን ከካፊል ወጥቼ ባል ሥር አልገባም። ኮንትራቴ ሲያልቅ ደሴ እገባለሁ። ትመጣለህ?»

«ወሎን እኮ አይቼው አላውቅም።»

«እኔስ ጅዳን መቼ አይቻት ነበር?»

«ኸላስ፣ በቃ እመጣለሁ» አላት።

«ያላ፣ ዘቢባ!» ብላ ማዳሟ ከፎቅ ተጣራች።

ዘቢባ ላፕቶፑን ተቀበለችውና ከስሟ ጎን፣ በእኩል መስመር፣ «ዙበይር» ብላ መጻፍ ጀመረች።

«ስጨርስ እመጣለሁ» አለች በዐረብኛ፣ ማዳሟ እንድትሰማት ጮክ ብላ።