ከሚስማሩ ላይ የጠፋው ፒን

መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እኔ የጂንና የመንፈስ ወሬ ሲነሳ ወይ የምስቅ ወይ ተነስቼ የምሄድ ሰው ነኝ፣ ዕድሜዬን የጨረስኩት ቢሾፍቱ አየር ኃይል ውስጥ የጄት ሞተር ስፈታና ስገጥም ነው፣ ብሎኑ ከላላ ይወድቃል፣ ከጠበቀ ይበራል፣ ከዚህ ሌላ ምስጢር አላውቅም። ጡረታ ስወጣ የሚስቴ አገር ጭሮ ገባሁና ወደ ሂርና መውጫው ላይ በከፈትኳት ጋራዥ የጫት አይሱዙ እየጠገንኩ ደስ ብሎኝ እኖራለሁ። ይህን የምለው የሚቃዥ ሰው እንዳልመስላችሁ ነው።

አሁን ስለ ግርማ ላውራችሁ። እሱ አብራሪ፣ እኔ ቴክኒሻኑ ሆነን ብዙ ዓመት አብረን ሠርተናል። የልምምድ ጄቱ ወንበር አደጋ ሲመጣ አብራሪውን ወደ ላይ የሚያስፈነጥር ነው፣ መሬት ላይ ሳለ በስህተት እንዳይተኮስ ቀይ ሪባን ያለው ፒን ይሰካበታል፣ ከመነሳቱ በፊት ደግሞ ይነቀላል፣ ካልተነቀለ አብራሪው በጭንቅ ሰዓት መዝለል አይችልም። የእኛ ልማድ እኔ ነቅዬ ክንፉ አጠገብ ቆሜ ፒኑን ከፍ አድርጌ ማሳየት ነው፣ ግርማ ያን ቀይ ሪባን ሳያይ የመስታወት ክዳኑን ዘግቶ አያውቅም። ጡረታ ስወጣ አንድ አሮጌ ፒን ለማስታወሻ ሰጠኝ፣ ሪባኑ ተቀዶ ስለነበር በሰማያዊ ክር ሰፍቼ ጋራዡ ውስጥ ሚስማር ላይ ሰቀልኩት።

በኋላ እሱም ጡረታ ወጣ፣ ግን አርፎ የሚቀመጥ መሰላችሁ? ደቡብ አፍሪካ ሄደና አንድ ሀብታም የገዛውን ጡረታ የወጣ የልምምድ ጄት በአየር ትርኢት ላይ ማብረር ጀመረ። ሽማግሌ ሽማግሌ ላይ ወጣ እያልኩ አበሽቀዋለሁ። ልማዱን ግን አልተወም፣ ከመብረሩ በፊት በቪዲዮ ይደውልና «አባ ፒን፣ አሳየኝ!» ይላል፣ እኔም ከሚስማሩ አውርጄ ከፍ አደርግለታለሁ፣ ይስቃል፣ ይነሳል።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከተማው ጫት ይዞ በርጫ ላይ በተቀመጠበት ሰዓት፣ መብራትም ኔትወርክም ጠፋ። ግርማ ትርኢት እንዳለው አውቃለሁ፣ ስልኬን ደጋግሜ አያለሁ። ጃፈር የሚባል የጫት ነጋዴ ደግሞ የአይሱዙውን ፍሬን እስክጨርስለት አጠገቤ ቆሞ ያጣድፈኛል።

«ኦቦ ተሾመ፣ ይፍጠኑ እንጂ፣ ጫቱ ሊጠወልግብኝ ነው!»

«ያለ ፍሬን ገደል ከምትገባ ጫቱ ቢጠወልግ አይሻልም?»

እያልኩት ሳለ ቀጭን ፉጨት ሰማሁ፣ እየከረረ የሚሄድ፣ ያን ድምፅ ከሚስቴ ድምፅ በላይ አውቀዋለሁ፣ የጄት ሞተር ሲነሳ ነው። ኮምፕረሰሩ ይሆናል ብዬ ዞርኩ፣ መብራት ከየት መጥቶ! ቀጥሎ የተቃጠለ የአውሮፕላን ነዳጅ ሸተተኝ። ሚስማሩ ላይ ያለው ቀይ ሪባን ቀስ ብሎ ተነሳና ወደ ጎን ተወጥሮ ይርገበገብ ጀመር፣ እመኑኝ፣ ነፋስ የሚባል የለም፣ በሩ ላይ የሰቀልኩት ጆንያ እንኳ ንቅንቅ አላለም።

«ማል ከና?» አለ ጃፈር በኦሮምኛ፣ ይሄ ምንድነው ማለቱ ነው፣ እሱም አይቶታል።

ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቀውም። የማውቀው ጃፈር ትከሻዬን ይዞ ሲነቀንቀኝ ነው፣ ግቢው መሃል ፀሐይ ላይ ቆሜያለሁ፣ ቀኝ እጄ ወደ ላይ ተሰቅሏል፣ ባዶውን።

«ወላሂ ኦቦ፣ ስጠራዎት አይሰሙም! ባዶ እጅዎን እያሳዩ የለም፣ የለም ይላሉ፣ ለማን ነው?»

ሳቅሁ ልበላችሁ? አልሳቅሁም። ወደ ውስጥ ገብቼ ሚስማሩን አየሁ፣ ፒኑ የለም። መሬቱን፣ የመፍቻ ሳጥኑን፣ የጃፈርን ኪስ ሳይቀር ፈተሽን፣ የለም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ኔትወርክ መጣ፣ ግርማም ደወለ። ስልኩን ሳነሳ ይስቃል።

«አንተ ሰውዬ፣ እዚህ ምን ልታደርግ መጣህ?»

«የት?»

«ክንፉ አጠገብ ነዋ! ስደውል እምቢ አለኝ፣ ተራዬ ደርሶ ስለነበር ፒኑን ራሴ ነቅዬ ኪሴ ከተትኩ፣ ክዳኑን ልዘጋ ስል አንተ በዚያ ቅባት በጠጣ ቱታህ ቆመሃል፣ ባዶ እጅህን እያሳየህ የለም፣ የለም ትለኛለህ። ጎንበስ ብዬ ወንበሩን ሳይ የነቀልኩበት ቦታ ላይ ሌላ ፒን ተሰክቷል። እሱንም ነቅዬ ኪሴ ከተትኩት። ተነስቼ ብዙም ሳልርቅ ሞተሩ ጠፋ፣ ዘለልኩ። ጄቱ ባዶ ሜዳ ላይ ወደቀ፣ እኔ ቁርጭምጭሚቴ ብቻ ነው ያበጠው። ወንድሜ፣ ባትመጣ ኖሮ ዛሬ ታለቅስልኝ ነበር።»

አለቀስኩ፣ አልደብቃችሁም፣ ግን ከደስታ ነው። ጃፈርም «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ጫቱን ረስቶ አጠገቤ ቁጭ አለ። እስከ ዛሬም ሳስበው ደስ ይለኛል፣ ጓደኛዬ በሕይወት አለ፣ ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ?

በነጋታው ግን ፎቶ ላከልኝ፣ ከኪሱ ያወጣቸውን ሁለት ፒኖች መዳፉ ላይ አድርጎ። አንዱ የጄቱ ነው፣ ራሱ መጀመሪያ የነቀለው። ሁለተኛው፣ ወንበሩ ላይ ተሰክቶ ያገኘው፣ ሪባኑ በሰማያዊ ክር ተሰፍቷል፣ ስፌቱም የእኔ ጠማማ ስፌት ነው።

ግርማ ነገሩን ላገኘው ሁሉ ያወራል፣ ተሾመ አዳነኝ ይላል። ፒኑ ተሰክቶ ቢቀር ይሞት ነበር፣ ፒኑ ደግሞ የእኔ ነው፣ ታዲያ ማን ሰካው? ይህን ግርማን አልጠየቅሁትም። በቀደም ደውሎ ለበዓል ጭሮ እንደሚመጣና ፒኔንም እንደሚመልስልኝ ነገረኝ፣ እኔ በግ ልገዛ ነው፣ ሚስቴም መኝታውን ከአሁኑ እያዘጋጀች ነው። ሚስማሩን ግን ከግድግዳው ላይ ነቅዬዋለሁ።